በድሬ ፀሐይ ታችፓድ ፍለጋ

*ድሬዳዋ ላይ ለሥራ የሚሆን ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ፕሮሰሰሩ ይከራከራል፣ ራሙን ይጠይቃል፣ በዋጋው ይጨቃጨቃል። ቀኑን ሙሉ ጣቱ የሚውልበትን ሰሌዳ ሞክሮ የሚገዛ ግን ጥቂት ነው።*

ማውሷ የምትሸፍነው

ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ መታየት ያለበት ረፋዱ ላይ ነው። ፀሐይዋ ገና ሙሉ ጉልበቷን አላወጣችም፤ ሱቆቹ ግን ተከፍተዋል፤ ባጃጆች በሰዉ መሀል እየተሽሎከሎኩ ያልፋሉ። አንዱ ሽቶ ይሸጣል፣ አንዱ የስልክ መሸፈኛ፣ አንዱ ብርድ ልብስ። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ የሚገዛው ማን ነው የሚል ካለ መልሱ ቀላል ነው፤ ከደጋ የመጣ እንግዳ።

ላፕቶፖቹ ክዳናቸው ተከፍቶ፣ ስክሪናቸው ተወልውሎ በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ሻጩ ገዢው አፉን ሳይከፍት ይጀምራል፤ ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ስምንተኛ ጀነሬሽን ነው፣ ራሙ ስምንት ነው፣ ኤስኤስዲ ገብቶለታል፣ ከዱባይ የመጣ ኦሪጅናል ነው፣ አቦ ውሰደው። ገዢው ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ አዲስ ሥራ የያዘ ወይም ሊመረቅ የደረሰ። የሚያውቀውን ይጠይቃል፤ ባትሪው ስንት ሰዓት ይቆያል? ጌም ይችላል? የመጨረሻው ስንት ነው?

ሻጩ ማሽኑን ሲያስነሣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ግን ከጎኑ ማውስ መሰካት ነው። ገዢው ያቺን ማውስ ይዞ ፋይል ይከፍታል፣ ቪዲዮ ያጫውታል፣ ካሜራውን ይሞክራል። ከኪቦርዱ በታች ያለውን ሰሌዳ፣ ታችፓዱን፣ ግን በጣቱ ሳይነካው ገንዘቡን ቆጥሮ ይወጣል። ሁሉም ሻጭ ማውስ የሚሰካው ጉድ ሊደብቅ አይደለም፤ ለሱም ሥራው ስለሚቀልለት ነው። ብልሽት ያለው ጊዜ ግን ያቺ ማውስ ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ችግሩ የሚወጣው ቤት ተገብቶ፣ ላፕቶፑ ጉልበት ላይ ሲቀመጥ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ታይዋን የተባለችው ደሴት ራሷ የላፕቶፕ አገር ናት። ኤሰርና አሱስ የሷ ናቸው፤ የትልልቆቹን ብራንዶች ማሽን በትእዛዝ የሚሠሩት ኳንታና ኮምፓልም የሷ ናቸው። በብዙ ርካሽና መካከለኛ ላፕቶፖች ውስጥ ያለውን ታችፓድ የሚሠራው ኢላን የተባለ ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1994 እዚያው ሺንቹ ከተማ ተመሠረተ። የድሬው ታይዋን የሚሸጠውን ዕቃ ግማሹን የወለደችው ስመ ሞክሼው ናት ማለት ይቻላል።

በባሕር መጥቶ በባቡር መንገድ

ድሬዳዋ ከተማ የሆነችው ዕቃ ስለሚያልፍባት ነው። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ትቶ እዚህ ሜዳ ላይ አረፈ፤ ጣቢያው ከተማ ወለደ። ከዚያ ወዲህ ከባሕር የመጣ ብዙ ነገር፣ ጨርቅም ይሁን ሬዲዮ፣ መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ነው። ዛሬ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አለ፤ ደረቅ ወደቡ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠናም ተጨምሯል።

ላፕቶፑም የሚመጣው በዚሁ የቆየ መንገድ ነው። በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ትልልቅ ድርጅቶች የሠራተኞቻቸውን ኮምፒውተር ሦስትና አራት ዓመት ከሠሩበት በኋላ በጅምላ ይለውጡታል። አሮጌው በነጋዴዎች እጅ ዱባይ ይደርሳል፣ ይጠረጋል፣ ይመደባል፣ ይሸጣል። ከዚያ አንዱ በጅቡቲ፣ አንዱ በቶጎጫሌና በጅግጅጋ አድርጎ ይገባል። ቀረጥ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል፤ ደረሰኝ ጠይቆ የሚገዛ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል።

ማሽኑ ከየት እንደመጣ ኪቦርዱ ይናገራል። የዓረብኛ ፊደል ካለበት ከባሕረ ሰላጤው ነው። ኪው የሚገኝበት ቦታ ላይ ኤ ከተቀመጠ ብዙ ጊዜ የፈረንሳይ ቢሮ ሲያገለግል የኖረ ነው። አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለው ኪቦርድ ዋጋ ያስቀንሳል፤ ድሬ ላይ ግን በምድር ባቡር ዘመን ፈረንሳይኛ የተማረ አዛውንት አይቶት ደስ ሊለው ይችላል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ አዲስ ላፕቶፕ ከብዙ ደመወዝተኛ አቅም በላይ ሆኗል። ዩዝዱ ነው የቀረው። ዩዝድ ሲገዛ ደግሞ የሚገዛው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ሰው ለዓመታት የተጫነው፣ ላቡ ያረፈበትና ሙቀት የበላው ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ቀድሞ የሚታየው ታችፓዱ ላይ ነው።

ጠረጴዛ የሌለው ሠራተኛ

«ማውስ መግዛት አይቀልም ወይ?» ይላሉ ብዙዎች። እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሒሳብ ለሚሠራ፣ ወይም አውቶካድ ከፍቶ ፕላን ለሚስል መሐንዲስ ታችፓድ ጉዳዩ አይደለም። ለሱ ማውስ ይሻለዋል፤ ክርክር የለውም።

ድሬ ላይ ግን ጠረጴዛ የሌለው ሠራተኛ ብዙ ነው። ዕቃ በጉምሩክ የሚያሳልፈውን ትራንዚተር እንውሰድ። ከተማዋን ከሚያንቀሳቅሱት ሙያዎች አንዱ የሱ ነው። ዲክላራሲዮኑን ድሮ በወረቀት ይሞላ ነበር፤ አሁን በኮምፒውተር ነው። ሥራው ግን ቢሮ አይጠብቅም፤ ደረቅ ወደብ በር ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ሻይ ቤት ወንበር ላይ ይሠራል። ማውስ የሚያንቀሳቅስበት ቦታ የለውም። የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛውም እንደዚያው ነው፤ ገጠር ወርዶ የሰበሰበውን መረጃ ላንድክሩዘር ውስጥ ሆኖ ያስገባል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈው ዶርም አልጋ ላይ ነው። ለነዚህ ሰዎች ጥሩ ታችፓድ ቅንጦት አይደለም፤ የቀን ሥራቸው ነው። በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት የቁጥር ሳጥን ስታ ሌላ ሳጥን ላይ ካረፈች፣ የትራንዚተሩ ሰነድ ተመልሶ ይመጣል።

ጣትን የሚያውቅ ሰሌዳ

ብዙ ሰው ታችፓድ ግፊትን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ስለዚህም አልሰማ ሲለው ይበልጥ ይጫነዋል። የሚያውቀው ኤሌክትሪክን ነው። ከገጹ ሥር ቀጫጭን የብረት መስመሮች አግድምና ሽቅብ ተሰምረው መረብ ሠርተዋል፤ በመስመሮቹ ላይ ጥቂት ቻርጅ አለ። የሰው ገላ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ሲጠጋ ከዚያች ቻርጅ ጥቂቷን ይሻማል። አንዲት ቺፕ የቱ መስመር ላይ ለውጥ እንደመጣ በሰከንድ ደጋግማ እየለካች ጣቱ የት እንዳለ ታሰላለች። የምትለካው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ትንሽ ነገር የሚረብሻት።

ይህ ዘዴ በላፕቶፕ ላይ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 አፕል ፓወርቡክ 500 የተባሉትን ማሽኖች ሲያወጣ ነው። ከዚያ በፊት በፓወርቡክ ላይ ቀስቷ የምትነዳው በምትሽከረከር ኳስ ነበር፤ ኳሷ አቧራ ትሰበስባለች። ለሌሎች ኩባንያዎች ታችፓድ በመሥራት ስሙ የገነነው ሲናፕቲክስ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲመሠረት ሐሳቡ ሌላ ነበር፤ የአንጎልን አሠራር የሚመስል ቺፕ መሥራት። ከመሥራቾቹ አንዱ የኢንቴልን የመጀመሪያ ማይክሮፕሮሰሰር ሥራ የመራው ፌዴሪኮ ፋጂን ነው። አንጎሉ አልሆነላቸውም፤ ጣት የሚያውቀው ሰሌዳ ግን ሆነላቸው።

> መብራት ሲኖር ኤሌክትሪኩ ያስቸግራል፤ መብራት ሲጠፋ ላቡ።

«ይነዝረኛል»

የድሬ ኮምፒውተር ጠጋኞች በተደጋጋሚ የሚሰሙት አቤቱታ አለ፤ ቻርጀር ሲሰካ ታችፓዱ ያብዳል። ቀስቷ ትዘላለች፣ ያልተነካ ነገር ትከፍታለች፣ ገጹን ወደ ላይና ወደ ታች ትንጣለች። ቻርጀሩ ሲነቀል ትረጋጋለች። ባለቤቱ ቫይረስ ነው ብሎ ዊንዶውስ ያስቀይራል። አይለወጥም።

ችግሩ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነው። ቻርጀር የ220 ቮልቱን መብራት ወደ ትንሽ ቮልት ሲቀይር ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ይተርፈዋል። ያ ፍሳሽ በሦስተኛው ሽቦ፣ በምድር ሽቦው በኩል፣ ወደ መሬት መውረድ ነበረበት። በቆዩ ቤቶች ግን፣ ከዚራ ሰፈርም ይሁን መጋላ፣ የምድር ሽቦ የሌለው ሶኬት ብርቅ አይደለም። ሶኬቱ ቢኖረው እንኳ በመሀል የሚሰካው ርካሽ ዲቫይደር ይቆርጠዋል። መውጫ ያጣው ፍሳሽ ላፕቶፑ ውስጥ ይቀራል። የብረት ገላ ያለው ማሽን ሲነካ ክንድን ቀስ ብሎ የሚነዝረው ይህ ነው፤ ያቺ ጥቂት ቻርጅ የምትለካ ቺፕም በዚሁ ጫጫታ ውስጥ ጣትን ከረብሻ መለየት ያቅታታል። አስመስሎ የተሠራ ቻርጀር ሲጨመርበት ይብሳል፤ ፍሳሹን የሚያጣራው ክፍል ውስጡ ደካማ ነው ወይም ጨርሶ የለም።

የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች መድኃኒቱን ሲናገሩ አይዘባርቁም። የምድር ሽቦ ያለው ሶኬት፣ እሱን የማይቆርጥ ዲቫይደር፣ ትክክለኛ ቻርጀር። ቤት የሚሠራ ሰው ዛሬውኑ ምድር ሽቦ ማስቀበር ይችላል። ተከራዩ ግን ምን ያድርግ? ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጎ፣ ነቅሎ መሥራት ነው ያለው።

ነቅሎ ሲሠራ ደግሞ ሌላው መጣ። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ከ35 ዲግሪ መዝለሏ ለነዋሪዋ ወሬ አይደለም። መብራት ሲሄድ ቬንቲሌተሩ ይቆማል፤ ጣት ይረጥባል። ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋልና ቺፗ ጠብታዋን ጣት ናት ብላ ትቆጥራታለች። ቀስቷ ትሸሻለች ወይም ትቆማለች። ልምድ ያላቸው ትራንዚተሮች ከላፕቶፑ ጋር ትንሽ ደረቅ ጨርቅ ይይዛሉ። ከተማዋ እኩለ ቀን ላይ ሥራ አቁማ ወደ ጥላ መግባቷን እንግዳ ሰው እንደ ስንፍና ያያል። እኔ ግን ለታችፓድም ጥበብ ነው እላለሁ።

የቱ ይሻላል?

ስሜቱን ብቻ ካየን የአፕልን ሰሌዳ የሚስተካከል የለም። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ገጹ መስታወት ነው፤ ጣት ይንሸራተትበታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ጨርሶ የማይወርድ ሰሌዳ አመጡ፤ ሲጫኑት ውስጡ ያለች ሞተር ትንቀጠቀጥና ሰሌዳው የወረደ ታስመስለዋለች። ዩዝድ ማክ የሚገዛ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ እንዲህ ያለው ማሽን ጠፍቶ ሳለ ሰሌዳው ቢጫኑት ቀጭ አይልም፤ አልተበላሸም። በገበያው የሚዘወተረው አሮጌው ማክቡክ ኤር ግን፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2017ቱ ድረስ ያለው፣ በትክክል የሚወርድ ሰሌዳ ነው ያለው። እሱ ቀጭ ካላለ ተበላሽቷል።

ግን ማክ የብረት ገላ ነው፤ ምድር ሽቦ በሌለው ቤት ይነዝራል። መለዋወጫውም ድሬ ላይ እንደልብ አይገኝም።

ቀጫጭኖቹ የገበያ ላፕቶፖች፣ ለተማሪ ተብለው የሚሸጡት፣ ሰሌዳቸው ሙሉውን አንድ ቁልፍ ነው። ከላይኛው ጠርዝ ተጣብቆ ከታችኛው ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ በኩል ሲጫኑት አይሰማም፤ ከታች ሲጫኑት ደግሞ የጣት እንቅስቃሴ ቀስቷን ከቦታዋ ያስታል። አቧራ በጠርዙ ሲገባበት ይደነድናል። አቧራ ደግሞ ድሬ ላይ አይጠፋም።

የኔ ምርጫ ሌላ ነው፤ ለቢሮ ተብለው የተሠሩት አሮጌዎቹ። የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድ፣ የኤችፒ ኤሊትቡክ። ብዙዎቹ ከሰሌዳው ተለይተው የቆሙ ቁልፎች አሏቸው፤ ጣት ቀስቷን አስቀምጦ ሌላ ጣት ይጫናል፤ ምንም አይነቃነቅም። ከዚያ በላይ ቲንክፓድ በኪቦርዱ መሀል ቀይ ነጥብ አለው። ይህች ነጥብ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣት ናት፤ የጣትን ግፊት እንጂ ቻርጅ አትለካም። ላብ አያሳስታትም። ብዙ ወጣት ገዢ ጌጥ መስላው ያልፋታል፤ ለድሬ አየር ከሷ የተሻለ የተሠራ ነገር እኔ አላየሁም።

አንድ ወጥመድ አለ። ሌኖቮ እ.ኤ.አ. በ2013 ቲ440 ላይ እነዚያን ቁልፎች አንሥቶ ሰሌዳውን አንድ ወጥ አደረገው። ደንበኛ አጉረመረመ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁልፎቹ በቲ450 ተመለሱ። ዛሬ ሁለቱ በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከሩቅ አንድ ናቸው። ከቀይዋ ነጥብ በታች፣ ከሰሌዳው በላይ ሦስት ቁልፎች ለብቻቸው ያሉትን ይምረጡ።

> ሻጩ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋ አይደለም፤ ማውሷን እንዲነቅል ነው።

ማውሷ ከተነቀለች በኋላ ሙከራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። ፔይንት ይከፈትና ቀስ ብሎ ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ መስመሩ ደረጃ ደረጃ ከሠራ ወይም ከተቆረጠ ሰሌዳው ታሟል። በሁለት ጣት ገጽ ይንሸራተት። አራቱም ማዕዘን ይጫን። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ታችፓድ የሚለው ይከፈት፤ ፕሪሲዥን ታችፓድ እንዳለው የሚናገር መስመር ከታየ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ባስገባው ሥርዓት የሚሠራ ነው፤ የጣት ምልክቶቹን ዊንዶውስ ራሱ ይይዛቸዋል፤ ይህ መስመር ካልታየበት ማሽን ይሻላል። ይህ ሁሉ ቻርጀር ተሰክቶም፣ ተነቅሎም ይደገም። ይህን ሲያደርጉ ፊቱ የሚለወጥ ሻጭ ካለ፣ ያ ራሱ መልስ ነው። ጨዋው ሻጭ ግን ወንበር ይሰጣል።

ከሰሌዳው ሥር ያለው

ታችፓድን አጥብቆ ማየት የሚያስፈልግበት ትልቁ ምክንያት ታችፓዱ ራሱ አይደለም። በአብዛኞቹ ቀጫጭን ላፕቶፖች ባትሪው የሚተኛው ከእጅ ማሳረፊያው ሥር ነው፤ ልክ ከሰሌዳው በታች። ሊቲየም ባትሪ ሁለት ጠላት አለው፤ ሙቀትና ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መኖር። ድሬ ሁለቱንም ትሰጠዋለች። ማሽኑ ቀኑን ሙሉ በሞቀ ክፍል ቻርጀር ላይ ይውላል፤ መብራት ቢሄድ ባትሪው ሙሉ እንዲሆን ሁሉም ይፈልጋልና። አፕል ለላፕቶፖቹ የሚመክረው የአየር ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ነው፤ የድሬ ክፍል በወበቅ ጊዜ ከሰዓት በኋላ እዚያ ይደርሳል።

ያረጀ ባትሪ ውስጡ ጋዝ ይፈጥርና ያብጣል። ሲያብጥ የሚገፋው ከላዩ ያለውን ነው። ሰሌዳው ይደነድናል፤ ቀጭ ማለት ያቆማል፤ አንዱ ጠርዝ ከሌላው ከፍ ይላል። ላፕቶፑ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወዛወዛል። ብዙ ባለቤት ታችፓዱ ተበላሸ ብሎ ይመጣል፤ ጠጋኙ ሲከፍተው ያበጠ ባትሪ ያገኛል። ባትሪው ሲለወጥ ሰሌዳው በብዛት ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህች ከተማ ለዘመናት የባቡር ሞተር ፈታ የገጠመች ናት፤ የጠጋኝ እጥረት የለባትም። ሰሌዳ ቢሞት ከሞተ ማሽን ነቅለው ይተካሉ፤ ቀጭኗ ጠፍጣፋ ኬብል ብቻ ተነቅላ ከሆነ ደግሞ በደቂቃዎች ይመልሷታል። የጠጋኞቹ ቅሬታ ሰው ዘግይቶ ነው የሚመጣው የሚል ነው። ሰሌዳው ሲነሣ በፕላስተር ተጭኖ፣ በመጽሐፍ ተደግፎ፣ ማውስ ተሰክቶለት ወራት ይሠራበታል።

የባትሪውን ዕድሜ ማርዘም ይቻላል። በሌኖቮ፣ በዴልና በኤችፒ የቢሮ ላፕቶፖች ላይ ባትሪው ሙሉ ሳይሆን 80 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቻርጅ እንዲያቆም የሚያደርግ ማስተካከያ አለ፤ ጠጋኝ በደቂቃ ያበራዋል። መብራት በሚሄድበት ከተማ ቀሪዋን 20 በመቶ መተው ያሳሳል፤ ቢሆንም ይመከራል።

ሰሌዳው ከፍ ያለ ወይም የደነደነ ላፕቶፕ ቤትዎ ወይም ቢሮዎ ውስጥ ካለ ግን ማስተካከያ አይፈልጉ። ዛሬውኑ ያጥፉት፤ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ሰሌዳውን አይጫኑት፤ በዊንዲ አይፈልቅቁት፤ የተወጋ ወይም የታጠፈ ባትሪ ሊቀጣጠል ይችላል። ከልጆችና ከፀሐይ አርቀው ያስቀምጡትና ባትሪ መለወጥ ለሚያውቅ ጠጋኝ ይስጡት። የወጣውንም ባትሪ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣሉት።